ሰሚራ የኦንላይን ትምህርት ይሆናት ይሆን?

ልደታ አካባቢ ባለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ቢሮ ተብሎ የተሰጠኝ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ ግርማ ኳሶቹን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ "አንቺ ትመክሪያለሽ፤ የምወስነው እኔ ነኝ" አሉኝ።

ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ሠራን። የኦንላይን ትምህርት ሲጀመር ግን ማን ይማርበት፣ ማን ይቅርበት የሚለውን ለእኔ ተዉልኝ። በመጀመሪያው ሰሞን የማጣራው ቤት ውስጥ ኢንተርኔትና ኮምፒዩተር መኖሩን፣ ከዚያም የተማሪውን ውጤት ነበር።

ሰሚራ ሁሉንም ታሟላለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች። አስፋልት ስትሻገር መኪና ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ቤታቸው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ በክራንች ደረጃ መውጣትና መውረድ አልቻለችም።

አባቷ አቶ ኑረዲን ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። "ቲቸር፣ ልጄ ዓመቱ እንዳያመልጣት። በኦንላይን ትማር። እሷ እንደሆነች ተቆጣጣሪ አያስፈልጋትም" አሉኝ።

አቶ ግርማም፣ "ለሰሚራ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?" አሉ። መዘገብኳት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንዴት እንደያዘችው ለማየት ቤታቸው ሄድኩ። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ የፊዚክስ ቪዲዮ ታያለች። ያየችውን እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት፤ ጥሩ አድርጋ አስረዳችኝ። ልነሳ ስል፣

"ያልገባሽ ጊዜስ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"ደግሜ አየዋለሁ።"

"አሁንም ካልገባሽ?"

ኮምፒዩተሩን ከደነችው። "አለቅሳለሁ፣ ቲቸር። ክፍል እያለሁ ሣራን ነበር የምጠይቃት።" ሣራ አብራት አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። "እዚህ ማንን ልጠይቅ? አባዬ ጎበዝ ናት ብሎ ለሰው ሁሉ ያወራል።"

አቶ ኑረዲን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ።

"እኔ እኮ ዝም ስትል እያጠናች ነው የሚመስለኝ" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

በማግስቱ ለአቶ ግርማ ነገርኳቸው። "ታዲያ እናስቋርጣት?" አሉ።

"አይ፣ እግሯ እስኪድን ሌላ መንገድ የለም። ግን ብቻዋን አትማር" አልኩ።

የሒሳብና የፊዚክስ መምህራኑ ስልክ ሊደውሉላት ተስማሙ። ሣራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እነሰሚራ ቤት እየገባች አብራት ታጠና ጀመር። የመጀመሪያው ፈተና ውጤቷ ቢወርድም ዓመቱን አለፈች። አንደኛ ግን አልወጣችም፤ በዚህም በጣም አዘነች።

እግሯ ድኖ አዲሱ ዓመት ሲጀመር አቶ ኑረዲን ራሳቸው ይዘዋት መጡ። እንግሊዝኛና ታሪክ በኦንላይን ቀጠለች፤ ሒሳብና ፊዚክስ ክፍል ገብታ ተማረች። የትኛውን የት እንደምትማር የመረጠችው ራሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ለኦንላይን የሚመጣን ተማሪ ሁሉ ከውጤቱ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ሳይገባህ ሲቀር ማንን ትጠይቃለህ? የሚጠይቀው ሰው ከሌለው፣ ጎበዝም ቢሆን ብቻውን እንዲማር አልፈቅድም።