ምስጥ የገባበት የእናቴ ባንክ

ዛሬ ጠዋት እናቴ ጓዳዋ ያለውን የቀርከሃ ጉማጅ በመጥረቢያ ሰንጥቃ «ጉድ ሆንኩ!» ብላ ጮኸች።

ለካ ለቤት ቆርቆሮ መግዣ ያጠራቀመችውን ብር እዚያ ውስጥ ነበር የምትከተው። ምስጥ ቀድሟት ገብቷል! አብረው የነበሩት ሳንቲሞች ግን ምንም አልሆኑም።

አሶሳ ከተማ ወዳለው ባንክ ይዣት በረርኩ። ሠራተኛው ብሩን አገላብጦ፣ «አይዞዎት እማማ፣ ዳር ዳሩን ነው የበላው፤ ይቀየራል» አላት። ተመስገን!

«ለምን ሁሉንም ሳንቲም አያደርጉትም?» አለችው።

«ሳንቲም መሥራት ወረቀት ከማተም የበለጠ ያስወጣል እማማ።»

«አንዴ ያውጡና ይገላገሉ! ምስጥ በበላው ቁጥር ሊያትሙ ነው?»

ሠራተኛው ሳቀ።

አዲሱን ብር አላሳደረችውም። በቀጥታ ሄዳ ቆርቆሮ ገዛችበት።

የእናንተስ እናቶች ብር የት ይደብቃሉ? እስቲ ንገሩኝ፣ ምስጥ ሳይሰማ።