የጋሽ ደበላ የእንግሊዝ ፒፓዎች

ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ልጅ ሳለሁ ከአራት ቤተሰብ ጋር በምንጋራው ግቢ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ክፍል የጋሽ ደበላ ነበረች። ጋሽ ደበላ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ፤ አሮጌ የእንግሊዝ የትምባሆ ፒፓ ይሰበስባሉ። ያኔ ፈረንጆቹ ዕቃቸውን እየሸጡ ከአገር ይወጡ ስለነበር፣ ሌላው ሰው አልጋና ፍሪጅ ገዝቶ ሲመለስ እሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ፒፓ ይዘው ይገቡ ነበር። «ብራየር ከሚባል ቁጥቋጦ ሥር ነው የሚጠረበው፤ በቀላሉ አይቃጠልም» ይሉናል።

ማምሻውን የግቢውን ልጆች ሰብስበው፣ በፋኖስ ብርሃን አንድ በአንድ እየወለወሉ የየፒፓውን ባለቤት ታሪክ ያወሩልን ነበር። ከሁሉም የሚወዷት አንገቷ ላይ የብር ቀለበት ያላት፣ ጫፏ የተነከሰ ፒፓ ነበረች። አንድ እንግሊዛዊ መቶ አለቃ የሞላውን አዋሽ ሲሻገር ፈርቶ የነከሳት ናት ይላሉ፤ ታሪኳ ባወሩት ቁጥር ይረዝማል።

እኛ ጴንጤዎች ነበርን። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ስለታሸገ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ጥቂት ሰዎች እኛ ቤት ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። አንድ ሐሙስ አንድ ወጣት ሰባኪ ስለ ትምባሆ ተናገረና «ጎረቤታችሁን ከእሳት ንጠቁ» አለ። አሥር ዓመቴ ነበር። በማግስቱ ጋሽ ደበላ ገበያ ሲወጡ ክፍላቸው ገብቼ ባለ ቀለበቷን ወሰድኩና እናቴ ያቀጣጠለችው ከሰል ላይ ጣልኳት። እንጨቷ ጋሽ ደበላ እንዳሉት ቶሎ አልተያያዘችም፤ የአፏ ጥቁር ጫፍ ግን እንደ ጎማ እየሸተተ ቀለጠ። እናቴ ሽታውን ተከትላ መጣች።

አባቴ የተለበለበችውን ፒፓ አስይዞኝ ወደ ጋሽ ደበላ ወሰደኝ።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ትምባሆ ኃጢአት ነው። እርስዎን ላድንዎት ብዬ ነው» አልኩ። ስናገር ኮራ ብዬ ነበር።

ፒፓዋን ተቀብለው አገላበጧት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ሐሙስ ሐሙስ አብዮት ጥበቃው በዚህ በር ያልፋል። ድምፃችሁን እንዳይሰማ እዚህ አስቀምጬ የዚህችን ታሪክ ነበር የማወራለት። ሳልጨርስለት ሄደች።»

«አላወቅንም፣ ጋሼ» አለ አባቴ።

«እንድታውቁ መች ፈለግኩ» አሉት።

ያኔ ፊቴ በርበሬ የተቀባ ያህል ነደደ። ይቅርታ የጠየቀው አባቴ ነው፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ የኛ ሰዎች ሲጸልዩ፣ ጋሽ ደበላ በር ላይ ለጥበቃው ስለ ሌላ ፒፓ አዲስ ታሪክ ሲጀምሩለት በመስኮት ሰማሁ። እኔንም እንደ ወትሮው «ነይ፣ ተቀመጪ» ይሉኝ ነበር፤ የቤት ሥራ አለብኝ እያልኩ አልፋቸው ነበር። ከዓመት በኋላ ሁሩታ ያለች ልጃቸው ልትወስዳቸው መጣች። ዕቃቸው ጋሪ ላይ ሲጫን ስሜን ጠርተው ፈለጉኝ፤ እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ዛሬ ለልጆቼ የማወራላቸው ታሪክ ሁሉ የእሳቸው ነው። ከማን እንደሰማሁት ሲጠይቁኝ «ከአንድ ጎረቤት» እላለሁ። ስማቸውን አንስቼ አላውቅም፤ ስማቸውን ካነሳሁ ልጆቼ የቀረውንም መጠየቃቸው አይቀርም።