ያላሰርኩት እግር

ጅማ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ለግንቦት ሃያ በዓል ቦንጋ ላይ የወረዳዎች የእግር ኳስ ውድድር ነበር። የጌሻን ቡድን የሚያሠለጥነው አብሮ አደጌ ታደለ ደውሎ፣ "ዛሬ ካሸነፍን ነገ ለዋንጫ ነን። ልጆቹ ዝለዋል፤ ያንን ማሰሪያህን ይዘህ ድረስልኝ" አለኝ።

እኔ ያኔ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። ማሰሪያው እንደ ደም ግፊት መለኪያ በአየር የሚነፋ ሰፊ ጨርቅ ነው። ጭን ላይ ታስሮ የደሙን ፍሰት ለጥቂት ደቂቃ በከፊል ይገታል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ከጨዋታ በኋላ ይህ ሲደጋገም የዛለ ጡንቻ ቶሎ ያገግማል ይባል ነበር። እርግጠኛ ባልሆንም ጓጉቼ ተነሣሁ።

በአውቶቡስ የጎጀብን ወንዝ ሸለቆ ሙቀት አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ደኑ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ዋጠው። በመስኮቱ የገባው የእርጥብ ቅጠል ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል። ጊምቦ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ትኩስ ቆጮ በጎመን በላሁ።

ቦንጋ፣ ከሰዓት በኋላ

ስደርስ ጌሻዎች አሸንፈው፣ ጭቃቸውን ታጥበው ባረፉበት ክፍል ፍራሽ ላይ ተዘርረዋል። ከወረዳቸው ከተማ ከደካ የመጡት በአይሱዙ ላይ ተጠቅጥቀው ነው። ማሰሪያውን ሳወጣ አምበሉ ፈገግ አለ።

"እኛ ጋ እግሩ የሚታሰረው እባብ የነደፈው ሰው ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መጀመሪያ የራሴን ጭን አስሬ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ተራ በተራ ቀረቡ። ሲለቀቅለት አንዱ "ቀለለኝ" ይላል፤ ሌላው "ኧረ ያው ነው" ይላል።

አደሎ የሚባለው ተከላካይ ሱሪውን ሲሰበስብ ግን ደነገጥኩ። ግራ ባቱ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል፤ ስነካው ይሞቃል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ባለፈው ሳምንት ተመትቼ ነበር። ከመኪና ስወርድ ባሰብኝ። እሰሩኝ ጋሼ፣ ነገ እናቴ ልታየኝ ትመጣለች።"

"አንተን አላስርህም። ደም ረግቶ ከሆነ ስትታሰር ተነቅሎ ወደ ሳንባህ ሊሄድና ሊገድልህ ይችላል።"

ታደለ ወደ ውጭ ጠራኝ። "ያለ እሱ ተከላካይ የለኝም። ነገን ብቻ ይጫወትልኝ።"

"ታዴ፣ ሆስፒታል ውሰደው።"

ታደለ በበሩ ወደ ልጁ ተመለከተ። ከዚያ ገብቶ አደሎን ደግፎ አስነሣው።

ጎጀብ፣ እሑድ

የቦንጋው ሐኪም የደም መርጋት ጠርጥሮ ደም የሚያቀጥን መርፌ ወጋውና ለምርመራ ወደ ጅማ ላከው። በማግስቱ በአምቡላንስ አብሬው ተመለስኩ። ለጨዋታው አዲስ ነጠላ ለብሰው የመጡት እናቱም ኳሱን ሳያዩ ተሳፈሩ።

ወንዙን ስንሻገር አደሎ፣ "አሁን ሜዳ ገብተው ይሆን?" አለኝ።

"ሳይገቡ አይቀሩም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቱ በካፊኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉትና ግንባሩን ዳበሱት።

ጅማ፣ ሲመሽ

ምርመራው እንደ ፈራነው ሆነ፤ እግሩ ውስጥ ደም ረግቷል። ሐኪሙ በጊዜ መድረሳችንን ነግሮን አስተኛው። ቤቴ ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ታደለ ደወለ።

ከዚያ ወዲህ ማሰሪያውን ይዤ ብዙ ሜዳ ዞሬያለሁ። ምን ያህል እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ከጉዞው የተማርኩት ሰው እግሩን ቢሰጠኝም አስቀድሜ መዳሰስና መጠየቅን ነው። ትዝታው ሲመጣብኝ ግን ጆሮዬ ላይ የሚቀረው የዚያ ምሽት ስልክ ነው።

"ተሸነፍን" አለ ታደለ። "አደሎስ?"

"ደም ረግቶ ነበር። ይድናል ብለዋል።"

ለልጆቹ ሲነግራቸው ሰማሁት። ጭብጨባው ስልኩን ሞላው፤ ዋንጫ ያጣ ቡድን አይመስልም ነበር።