በባሕሬን ፖስታዎች ላይ የተመታው ማኅተም

የነበርነው አምስት ነን። ጋሼ የምንላቸው የእድራችን ሊቀመንበር፤ ማኅተሙን በቦርሳዋ የምትይዘው ጸሐፊያችን፤ ወጣትነታቸውን ባሕሬን ሰው ቤት ሠርተው ያሳለፉት እትዬ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልስላቸው ልጃቸው፤ እና እኔ። ቦታው ቤክስሊ አጠገብ የተከራየነው አዳራሽ፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ለሚደረገው የእድሩ በዓል አንድ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ ነበር። የማሳየው የእትዬን አሥራ አንድ ፖስታዎች ነው። አሥሩ እሳቸው ከባሕሬን ዋና ከተማ ከማናማ ለእናታቸው የላኳቸው ናቸው። አሥራ አንደኛውን ሥራ ለቀው ሲወጡ የአሠሪያቸው እናት ሰጥተዋቸዋል። የተለጠፈበት የሕንድ ቴምብር ነው፤ በላዩ ላይ በጥቁር ቀለም «ባሕሬን» ተብሎ ታትሞበታል። ቴምብሩ በታተመበት በዚያ በድሮው ዘመን የባሕሬንን ፖስታ ቤት የሚያስተዳድረው የሕንድ ፖስታ ነበር። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ግሮቭፖርት በምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ በእረፍት ሰዓቴ ከስልኬ አንብቤ ነው የደረስኩበት። የማናማን ክብ የቀን ማኅተም በማጉያ መነጽር ለማንበብ ብቻ ሁለት እሑድ ፈጅቶብኛል። ፖስታዎቹን እንደተቀበልኳቸው እንደምመልስ ለእትዬ ቃል ገብቼ ነበር።

ስለ ፖስታዎቹ የጻፍኩትን መግለጫ የምለጥፍበት ፕላስተር ላመጣ ወደ መኪናዬ ወጣሁ። ስመለስ ጋሼ ማኅተሙን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃ» ብለው ተነፈሱበት። ከዚያ ጧ። የመጨረሻው ፖስታ ነበር። የእድራችን ክብ ወይን ጠጅ ማኅተም አሥራ አንዱም ላይ አርፏል፤ የሕንዱ ቴምብር ላይማ የማናማን ቀን ግማሹን በልቶታል። የእርጥብ ቀለምና የሰው ትንፋሽ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ማኅተም የሌለውን ወረቀት ሰው እንደማያምን፣ ቢጠፋም የማን እንደሆነ እንዲታወቅ መሆኑን አስረዱኝ። ከዚያ እኔው የጻፍኩትን መግለጫ አነበቡልኝና ሳቁ።

«ባሕሬኖቹ የሕንድ ቴምብር ላይ ስማቸውን ሲመቱ ታሪክ፣ እኛ ስንመታ ጥፋት?»

ጸሐፊያችንም አብራቸው ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

ልጅቱ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኢንክ» አለች፤ ቀለም ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው። እትዬ ግን አንዱን ፖስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው በማኅተሙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበቡ።

«ይኸማ የእድሩ ሆኗል» አሉ። «ማኅተም ያረፈበትን የማኅበር ንብረት እቤቴ አላስገባም።»

ለመንኳቸው። ጋሼም የእርስዎ ነው ብለው ማሉ። እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው ፖስታዎቹን ትተው ካናል ዊንቸስተር ወዳለው ቤታቸው ሄዱ። ፖስታዎቹ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ባየኋቸው ቁጥር ይቀፈኛል።

ውጭ የቆየሁት አራት ደቂቃ ያህል ነው። የመጀመሪያው ማኅተም ሲመታ እትዬ እዚያው ነበሩ? ወይስ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተው ነበር? «ኧረ ይተዉ» ያለ ሰውስ ነበር? አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ንገሩኝ፤ ከዚህ ሥር እጽፈዋለሁ።