ምዕራብ ደርሶ መልስ

መምህር ዑዘይር ባሽር አሜሪካን ረግጦ አያውቅም፤ የመርገጥ ሐሳብም የለውም። ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ አሜሪካ ምዕራብ የእሱን ያህል ያወራ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። የታሪክ መምህር ነው። በየዓመቱ ተማሪው ወንበሩን ከተላመደ በኋላ ያ ምዕራፍ ይመጣል፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን ወደ ምዕራብ ያደረጉት መስፋፋት። ሸራ የለበሱ ጋሪዎች አሉበት፤ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ መንግሥት የሚሰጠው መሬት አለበት፤ የባቡር ሐዲድ አለበት። ከአያት ከቅድመ አያታቸው አገር ተነቅለው በወታደር እየተነዱ የሄዱ ነባር ሕዝቦችም አሉበት። መጽሐፉ ይህን ሁሉ «መስፋፋት» ይለዋል። መጽሐፍ ጨዋ ነው፤ ሰው ከቤቱ ተጎትቶ ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ አይጽፍም። ዑዘይር እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ስለሚል ተማሪዎቹ የደከመው ይመስላቸዋል።

ቢደክመውም አይፈረድበትም። እሱ ራሱ የዚያ ዓይነት ነገር ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው ነው፤ መጀመሪያ እንደ ሰፋሪ፣ ኋላ እንደ ተነቃይ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረቱ ረሃብ ዑዘይር ገና የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ልጅ ነበር። አባቱ ባሽር ደሴ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዷ የሚያርስ ገበሬ ነው። በሬዎቹ አልቀውበት፣ ጎተራው ተጠርጎ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ ካድሬው መጣ። «ምዕራብ ጠፍ መሬት አለ» አለው። «አፈሩ ጥቁር ነው፤ ዱላ ብትሰካበት ይበቅላል፤ ባለቤት የለውም።» ባለቤት የሌለው ጥቁር አፈር የት እንዳለ ካድሬውን ጠይቆ ማፋጠጥ ለጠገበ ሰው ነው። ባሽር ሚስቱንና ልጁን ይዞ መኪና ላይ ወጣ። ታናሽ እህቱ ዐሊማ አዲስ ሙሽራ ስለነበረች ከባሏ ጋር ቀረች።

ወለጋ ሲደርሱ አፈሩ እውነትም ጥቁር ነበር። ጠፍ ግን አልነበረም። ባሽር ገና የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጣ ኦቦ ተሬሳ የሚባል የአካባቢው ገበሬ መጥቶ እርሻው ዳር ቆመ። ቋንቋ ስለማይግባቡ በጣቱ አንዲት ዛፍ አሳየው፤ ከዚያ መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጎ አንገቱን ዘንበል አደረገ። እዚያች ዛፍ ሥር የተኛ ሰው አለኝ ማለቱ ነበር። አያቱ ነበሩ። ባሽር ገባው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬዎቹ ዛፏ ጋ ሲደርሱ ያዞራቸዋል፤ መሬት በጠበበበት ዓመት እንኳ አንድ ትልም ወደዚያ አላስገባም። ሁለቱ ሰዎች እያደር ቋንቋ ተማምረው ወዳጅ ሆኑ፤ አብረው አጨዱ፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ሲድር አብሮ ደገሰ። ሆኖም ባሽር «መሬቴ» ብሎ በተናገረ ቁጥር ተሬሳ ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ ይመልስ እንደነበር ዑዘይር በልጅነቱ አይቷል።

ዑዘይር እዚያው አደገ፤ እዚያው መምህር ሆነ፤ ሚስቱን ዚክራንም ያገኘው እዚያው ነው። ያንን ምዕራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረውም እዚያ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ የሰፋሪ ልጅ፣ ግማሹ የነባሩ ልጅ ነበር። ስለ ጋሪዎቹ ተናግሮ ስለ ተነቀሉት ሰዎች ሲጀምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኛ የትኞቹ ነን?» አለችው።

ዑዘይር ልጅቷን አያት፤ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጓደኛዋንም አያት። «ይኼ ለፈተና አይመጣም» ብሎ ገጹን ገለጠ። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ እንደዚህች ዓረፍተ ነገር የሚያፍርበት የለም።

ከዓመታት በኋላ ክፉው ጊዜ መጣ። ታጣቂዎች መንደሩን አቃጠሉት። እነ ባሽርን ጎተራ ውስጥ ደብቆ በሕይወት ያወጣቸው የተሬሳ የበኩር ልጅ ነው፤ የገዛ ቤቱ እንደሚቃጠልበት እያወቀ። የዑዘይር እናት ቀደም ብላ በወባ ሞታ ስለነበር ይህን አላየችም፤ መቃብሯ እዚያው ቀረ። የተረፉት ባገኙት መኪና እየተሳፈሩ፣ ባላገኙበት በእግራቸው እየሄዱ ወሎ ገቡ። ወሎ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሰው ሞልቷት ነበርና ድንኳን ሰጠቻቸው። ዑዘይር እንደ ምንም ብሎ ኮምቦልቻ ሥራ ሲያገኝ አባቱን ከድንኳኑ አውጥቶ የተከራያት ቤት ውስጥ አስገባ።

ባሽር ያን ጊዜ ሽማግሌ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚተራመሱትን የጭነት መኪናዎች ያያል። የትውልድ መንደሩ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴን አለፍ ብሎ ነው፤ ቅርብ ነው። ግን ባዶ እጅን መመለስ ያሳፍራልና አልሄደም። «እስቲ ትንሽ ሰው ልምሰል» ይላል ሁልጊዜ። ሰው ሳይመስል ጤናው እየወረደ መጣ። አንድ ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ ጠራው።

«ዛሬ ምን አስተማርክ?»

«አሜሪካኖች ወደ ምዕራብ እንዴት እንደሄዱ፣ አባባ።»

«እነሱንም ካድሬ ነው የወሰዳቸው?»

ዑዘይር ሳቀ። «በፈቃዳቸው ነው የሄዱት። መንግሥታቸው መሬት ሰጣቸው።»

«የማንን?»

ዑዘይር ሳቁን ተወ። ስለ ተነቀሉት ሰዎች ነገረው፤ በብርድ በወታደር እየተነዱ እንደሄዱ፣ ሽማግሌና ሕፃናት እየወደቁ በየመንገዱ እንደተቀበሩ። ባሽር ከዘራውን መሬት ላይ እያሻሸ ሰማ። አንድም ጊዜ አላቋረጠውም።

«ልጄ፣ እንግዲህ እኔም ገና መንገድ ላይ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ከአባቴ ጎን ቅበረኝ። ሌላ ምንም አላስቸግርህም።»

«ኮምቦልቻስ አገርዎ አይደለም? ምን ራቀና ነው።»

«ኮምቦልቻ ገበያ የምወርድባት ናት። አገሬ አባቴ የተኛበት ነው።»

ዚክራ ከውስጥ ሆና «ውሰዳቸው እንጂ፣ ምን ትከራከራለህ» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወሰደው። ደሴ ፒያሳ ወርደው ለዐሊማ ስኳርና ሻሽ ገዙ፤ ከዚያ በሌላ መኪና፣ ቀጥሎም በእግር። ባሽር መንገዱን ረስቼዋለሁ ሲል ቆይቶ፣ ወንዙን ሲሻገሩ ግን ከልጁ ቀደመ።

ዐሊማ ዓይኗ ደክሟል። ደጃፏ ላይ የቆመው ሽማግሌ «ባሽር ነኝ» ሲላት «ባሽር ሞቷል» አለችው፤ ክፋት አልነበረበትም፤ የምታውቀውን መናገሯ ነው። ከሰፈራው በዓመቱ ጠፍቶ የመጣ አንድ ሰው የባሽር ቤት በወባ አለቀ ብሎ ተናግሮ ነበር። በዚያ ወሬ ላይ ዐሊማ ለቅሶ ተቀመጠች፤ የመንደሩ ቅሬ፣ ማለትም የቀብር ዕድሩ፣ ቆሞላት፣ ሰደቃ ወጣ፣ ዱዓ ተደረገ። ባለቤት አልባ የሆነው መሬትም ወደ እሷ ዞረ። በዚያ መሬት ልጆች አሳደገች፤ ዛሬ የሚያርሰው ልጇ ሀዚም ነው። ለሟች የሚደረገው ሁሉ ተደርጎ አልቋል፤ የቀረው ሟቹ ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን ስኳር ይዞ መጣ።

ፊቱን ዳሰሰችው። ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ስታገኝ ጣቷን እዚያው አሳረፈች።

«ወንድምዓለም፣ እኔ አንተን አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለችው። «ደግሜ የማለቅሰውን እንባ ከየት ላምጣልህ?»

እንዲህ ብላም እጁን አልለቀቀችውም። እስኪመሽ ይዛው ተቀመጠች።

የቅሬው ዳኛ ሸህ ሱሌማን ተጠሩ። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ባሽርን በመልኩ የሚያስታውሱት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ወይ ሞቷል ወይ ያኔ አልተወለደም። ባሽር ጥያቄውን ነገራቸው። መሬት አልጠየቀም፤ ቤት አልጠየቀም፤ ከአባቱ ጎን የሚተኛበትን ብቻ ጠየቀ። የአባቱ መቃብር ግን ሀዚም በሚያርሰው መሬት ዳር ነው። ሀዚም ክፉ ሰው አይደለም፤ የልጆች አባት ነው፤ ከዚያች መሬት ሌላ የሚያበላው የለውም።

«አጎቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ክፉ አያድርጉኝ» አለ። «ዛሬ በስምዎ ከአያቴ ጎን ቢቀበሩ፣ ነገ ልጅዎ ‘የአባቴ አጥንት ያለበት ነው’ ብሎ ቢመጣ ማን ይመልስልኛል?»

«አልመጣም» አለ ዑዘይር። «ወላሂ አልመጣም።»

«አንተ አትመጣም፤ ልጆችህስ?»

ዑዘይር ሰው መሬት እየጠበበው ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ሲያስተምር የኖረ ነውና ሀዚምን ፈሪ ሊለው አልቻለም። ባሽር ግን ተናደደ፤ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እኔ የማላውቀውን ሰው ሙት ዕድሜዬን ሙሉ ዞሬ አርሻለሁ» አለ። «ማንም ሳያስገድደኝ። የእኔን አስከሬን የሚያስጠጋ እንዴት ይጠፋል?»

ሸህ ሱሌማን ጢማቸውን እያሻሹ ተናገሩ። «የእኛ ቅሬ ድሮም መንገደኛ ሲሞት ይቀብራል። ማን ነህ አይልም፣ ዘርህን ቁጠር አይልም። የመንገደኛ መቃብር ደግሞ በማንም መሬት ላይ ነገር አያመጣም። ቦታውን እኔ አሳያለሁ፤ ከአባትህ ጎን ይሆናል። ስም አይጠራም፤ ልጅህም እዚህ ለቅሶ አይቀመጥም።»

«አባቴ መንገደኛ አይደለም» አለ ዑዘይር።

«ዝም በል ልጄ» አለ ባሽር። «ቦታውን ሰጡኝ እኮ።»

ሐረጎን ሲወርዱ ዑዘይር ከንፈሩን ነክሶ ተቀምጦ ነበር። ሰው አገሩ ተመልሶ እንግዳ ሆኖ ይቀበራል? ይህን አላደርግም ብሎ በልቡ ወስኗል። አባቱ ልቡን ያነበበ ይመስል ክንዱን ያዘው። «ስሜ ምን ይሠራልኛል? አላህ ዘንድ አይጠፋም» አለው። «ዐሊማን ከልጇ ጋር አታጣላብኝ። ቃል ግባልኝ።» ዑዘይር ቃል ገባ።

ባሽር ጥቅምት ላይ ሞተ። ኮምቦልቻ አጠቡት፣ ከፈኑት፤ ዑዘይር መኪና ተኮናትሮ ጀናዛውን ይዞ ወጣ። መንደሩ የሰማው ከተፈናቃዮች አንድ ሽማግሌ መሞቱን፣ ቀባሪ ዘመድ ስለሌለው ሸህ ሱሌማን ወደዚህ ይምጣ ማለታቸውን ነው። ቅሬው እንደ ደንቡ ወጣ። ለማያውቁት ሰው ሥራቸውን ጥለው መጡ፤ ቃሬዛውን እየተሻሙ ተሸከሙት። ጉድጓዱን ከጧት ጀምሮ የቆፈረው ሀዚም ነው፤ ሌላ ሰው ላግዝህ ሲለው አልሰጠም። ጀናዛው ሲወርድም ገብቶ የተቀበለው እሱ ነበር። ዑዘይር ከላይ ሆኖ አየው፤ ሀዚም የአጎቱን ራስ ቀስ አድርጎ አስተካክሎ፣ ከሚገባው በላይ ቆይቶ ወጣ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ኢማሙ ከራስጌው ተቀመጠ። ደጋን ከምትባል ከተማ በቅርቡ የመጣ ወጣት ነው፤ የዚህን መንደር የቆየ ነገር አያውቅም። ተልቂን ሊያደርግ ነበር፤ መላእክት ሲጠይቁት የሚመልሰውን ለሟቹ ማስታወሻ። ይህ ደግሞ ሟቹን በስሙና በእናቱ ስም ጠርቶ ነው። ኢማሙ ቀና አለ።

«የሟች ስም ማን ነው? የእናቱስ?»

ሸህ ሱሌማን መሬት መሬት አዩ። ሀዚም እጁ አፈር እንደሆነ ዑዘይርን አየው፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የአባቱ ስም ዑዘይር አፍ ውስጥ ሞላ። አንድ ቃል ነው። ቢናገረው አባቱን ከጉድጓድ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ይህን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ግን ዐሊማ ቤት የሚሆነውንም ያውቃል።

«ጀናዛውን ይዞ የመጣው እሱ ነው» አለ አንድ ጎረምሳ ዑዘይርን እያሳየ። ኢማሙ ወደ እሱ ዞረ። «ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» አለ ዑዘይር።

ኢማሙ ራሱን ነቀነቀና ወደ መቃብሩ ተመልሶ፣ ስሙ ለማይታወቅ ሰው እንደሚባለው፣ «የአላህ ባሪያ ሆይ፣ የአላህ ባሪያ ልጅ ሆይ» ብሎ ጀመረ። ሰዉ ዱዓውን ጨርሶ መበተን ሲጀምር፣ ኢማሙ አፈሩን ከልብሱ እያራገፈ መጥቶ የዑዘይርን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ለማታውቀው ሰው ከኮምቦልቻ ድረስ ተንከራተትክ» አለው። «አላህ አጅርህን ይክፈልህ። ልጅ ቢኖረው ከዚህ በላይ አያደርግለትም ነበር።»

«አሚን» አለ ዑዘይር።