ልብስ ሰፊዋ የጻፈችው

እናቴ ዛሂራ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ሱቋ የስፌት መኪናዋንና ሁለት በርጩማ ብቻ የምትይዝ ነበረች። አብዛኞቹ ደንበኞቿ ባሎቻቸው ደቡብ አፍሪካ የሄዱባቸው ሴቶች ናቸው። ወገባቸውን ስትለካቸው የሆዳቸውን ይነግሯታል፤ ስልኩ መዘጋቱን፣ እዚያ ሌላ ማግባቱን፣ አማት ልጆቹን መውሰዷን። እሷም ስምና መንደር እየለወጠች በአሮጌ ደብተሮቻችን ላይ ታሪክ አድርጋ ትጽፈዋለች። የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። አፏን የፈታችው በሀዲይሳ ስለሆነ አማርኛዋ የራሱ አካሄድ ነበረው። እኔ ግን እንደሱ የሚጣፍጥ አማርኛ አንብቤ አላውቅም።

አሥራ አራት ታሪኮች ስትጨርስ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ፣ የአካባቢውን ደራስያን ያሳትማል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ወሰደቻቸው። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ አብሬያት ሄድኩ። ኃላፊው አቶ አጵሎስ ሁለት ሦስት ገጽ ገልጠው ሳቁ።

«ወይዘሮ ዛሂራ፣ ይሄ እኮ የሴቶች ወሬ ነው። የአካባቢያችንን ገጽታ ያበላሻል። አማርኛውም ሀዲይሳ ሀዲይሳ ይላል።»

«የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝና ላርመው» አለች።

«እርስዎ ስፌትዎ ላይ ቢበረቱ ይሻላል።»

እሷ ግን ደጋግማ ተመላለሰች። አንዴ ስብሰባ ናቸው ተባለች፤ አንዴ ወረቀቱ አልተገኘም። በመጨረሻ ጥበቃው ከበር መለሳት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ዞራ ትሄድ ነበር። በሃምሳ አራት ዓመቷ ኩላሊቷን ታማ ስትሞት አንድም ታሪኳ ታትሞ አላየችም።

ከሞተች በኋላ ታሪኮቹን ከደብተሮቹ ላይ አንድ በአንድ በኮምፒውተር ጻፍኳቸው። ዱራሜ የሚያስተምረው የኮሌጅ ጓደኛዬ ዘርአብሩክ አዲስ አበባ ካለ ትንሽ አሳታሚ ጋር አገናኘኝ። ቋንቋዋ ሳይነካ በመጽሐፍ ታተመ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የዓመቱ ምርጥ የአጭር ልብ ወለድ መድበል ተብሎ ተሸለመ። ሸላሚዎቹ ሆሳዕና ድረስ መጥተው ሊሰጡን ሲወስኑ የዝግጅቱ አስተናጋጅ ማን ሆነ? ያው መሥሪያ ቤት።

የእናቴ የመታወቂያ ፎቶ ባነር ላይ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። አቶ አጵሎስ መድረክ ላይ ወጡ።

«እህታችን ዛሂራን ገና ስትጀምር አቅሟን አይተን፣ ከጎኗ ቆመን፣ አበረታተን ለዚህ ያበቃናት እኛ ነን» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ልነሳ ስል ወንድሜ ሳዲቅ ክንዴን ይዞ፣ «ሰሚራ፣ ዛሬ ተይው፤ የእማዬ ቀን ነው» አለኝ።

«የእሷ ቀን ስለሆነ ነው የማልተወው» አልኩትና ስሜ ሲጠራ ወጣሁ። ሽልማቱን ተቀብዬ ማይኩን ያዝኩ።

«እናቴን ያበረታታት መሥሪያ ቤት የለም። እኚህ ሰው ‹ስፌትዎ ላይ ይበርቱ› ብለው ሲመልሷት አጠገቧ ነበርኩ። ሽልማቱን ለሰጣችሁን አላህ ይስጥልን። እሳቸው ግን በእናቴ ስም አይነግዱ።»

ያጨበጨበ የለም። የመድረክ መሪው ተጣድፎ ሙዚቃ አስከፈተ።

ስወጣ አቶ አጵሎስ በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ በሰው ፊት እንዲህ ይባላል? ለብቻዬ ብትነግሪኝ ይቅርታ እጠይቅሽ ነበር።»

«እናቴ ላይ ሲስቁባት ለብቻዋ አልነበረችም፤ ሁለት ጸሐፊዎችዎ አብረው ስቀዋል» አልኳቸው። «ይቅርታ የሚገባት ደግሞ አፈር ውስጥ ናት።»

ስልካቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ሳዲቅ አንድ ወር አኮረፈኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሯም አፍሽን ሰብስቢ አለችኝ። በሽልማቱ ማግስት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ፌስቡክ ላይ ፎቶዬን ለጥፎ «በእኛ ድጋፍ የታተመው መጽሐፍ ተሸለመ» ብሎ ጻፈ። እንዲያነሱት ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። መጽሐፉ ላይ የአሳታሚው ስም በግልጽ ተጽፏል እኮ! በመጨረሻ ሳዲቅ ራሱ ጽሑፉን አይቶ ተናደደና አብሮኝ ሄደ። ጠረጴዛቸው ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ «ስማችሁ የቱ ጋ አለ?» አላቸው። በዚያው ቀን አወረዱት።

«በቃሽ?» አለኝ ስንወጣ።

አልበቃኝም። አወረዱት እንጂ ዋሽተናል አላሉም። ማስተካከያ እንዲያወጡ ሦስተኛውን ደብዳቤ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ሳዲቅም ፈርሞበታል።