አንድ ስልክ ብቻ የሚያውቀው ድምፅ

ኮፒ ሙዚቃን ገደለ ይባላል። ውሸት ነው። እኔ በዓይኔ ሲሞት ያየሁት ሙዚቃ የሞተው በሕጋዊ መንገድ፣ ከነደረሰኙ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የእህቴ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት አዲስ ስልክ ገዝታ፣ በአሮጌው ላይ ከፍላ ያወረደቻቸውን ዘፈኖች ልትከፍት ብትነካ ብትነካ፣ «ይህ ፋይል በዚህ መሣሪያ ላይ አይጫወትም» ከሚል ጽሑፍ በቀር የሚመጣ ጠፋ። «ጋሼ፣ ገዝቼዋለሁ እኮ» አለችኝ፣ ሻጩ እኔ የሆንኩ ይመስል። ተነስቼ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ጽሑፍ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ አንድ ዲግሪና ብዙ አስተያየት ይዤ ሸዋ ሮቢት ተመልሻለሁ። ዲግሪውን የሚፈልግ አልተገኘም፤ አስተያየቱን ግን ሳልጠየቅ አድል ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሙሔ ነው። ሙሔ መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የሰው ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና መንዙማ ይጭናል፤ ያገለገለ ስልክም ይገዛል፣ ይሸጣል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የሰው ድካም መስረቁን አስረዳዋለሁ።

«ሌባ ከሆንኩ ወንበሬ ላይ ምን ትሠራለህ?» ይለኝ ነበር። «ተነስ፣ ደንበኛ ይቀመጥበት።»

አጎቴ ይማም፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ መንዙማ ሲል ድቤ የሚመታው ሰው እጅ ይፈዝ ነበር። ከመሞቱ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የአዲስ አበባ ሻጭ ድምፁን ቀርጾ በአዲሱ ዘዴ ለገበያ አቀረበው፤ የገዛኸው በገዛህበት ስልክ ላይ ብቻ ይከፈታል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ለአላህ የሚባል ነገር ለመቅረጫ አይባልም» ብለው አንዱንም ሳይሰሙ ቀሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ሆኑ። እኔ ግን ገዛሁት። በከተማዋ በሕግ የገዛሁ ብቸኛው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሙሔ «አንዴ ላባዛው» ሲለኝ ያደረግሁለት ንግግር ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴን ያሞቀዋል።

ከወራት በኋላ ስልኩን ለራሱ ለሙሔ ሸጥኩለት። እኛ አገር ሰው ስልክ ሲሸጥ ካርዱን አውጥቶ ኪሱ ይከታል፤ ዘፈን ካርድ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ስልክ ቤቱ አይደለም። እኔም ካርዴን አወጣሁና የአጎቴን ድምፅ ይዤ የሄድኩ መሰለኝ።

ይማም ኅዳር ላይ አጭር ሕመም ታሞ ሞተ። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን አባቴ ከማንጎው ዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ጠሩኝ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ያ ያስቀረጸው፣ አለህ አሉ» አሉኝ።

«አለኝ፣ አባባ።»

«ሐሙስ ሰደቃው ላይ ከዙሁር በኋላ ይሰማ። ለሼሆቹም ነግሬያቸዋለሁ።» ቀጥለውም፣ «እኔም አልሰማሁትም» አሉ፤ የማላውቀው ይመስል።

ካርዱን አዲሱ ስልኬ ላይ ከተትኩት። ያ ጽሑፍ መጣ። የእህቴ ስልክ ላይ፣ ከዚያም የሙሔ ኮምፒዩተር ላይ ሞከርኩ፤ ያው ነው። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ ሻጩ ሥራውን ትቷል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

«ስልኬን ለማን ሸጥከው?» አልኩት ሙሔን።

«አጣዬ ለምትነግድ ሴትዮ፣ ለማሾ ነጋዴዋ ለእትዬ ሞሚና።»

«ፎርማት አድርገኸዋል?»

ጭንቅላቱን አከከ። «ትዝ አይለኝም። ሌባ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም።»

ፎርማት ተደርጎ ውስጡ ከተጠረገ፣ ፋይሉን የሚከፍተው የስልኩ ቁልፍም አብሮ ጠፍቷል ማለት ነው። ሮብ ጠዋት አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ ግራና ቀኙ የደረሰ ማሽላ ነው፤ ልጆች ማማ ላይ ሆነው ወፍ ያባርራሉ። ሙሔ ጀውሃ ላይ አንድ እስር ጥንቅሽ ገዝቶ ልጣጩን በጥርሱ እየገፈፈ ሙሉ መንገድ መጠጠ። እኔ መቀመጫው የሚፋጅ ብረት ሆነብኝ። ረዳቱ ሰንበቴ ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም ወርጄ ቆምኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወረድኩ። «ይሄ ሰውዬ ይሄዳል ወይስ ይቀራል?» አለ ረዳቱ። «ሕግ አክባሪ ነው፣ ታገሠው» አለ ሙሔ በሞላ አፉ።

አጣዬ ገበያ ውላለች። እትዬ ሞሚና በሱቃቸው ደጅ ሸራ አንጥፈው ማሾ ያስገለብጣሉ፤ አረንጓዴው ፍሬ ከጆንያ ሲፈስ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ስልኬ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስልኩን ሰጡኝ፣ ካርዱን ከተትኩ፣ ነካሁት። ጣቴ ላብ ስለነበረበት ሁለት ጊዜ ስቼ ነው የከፈትኩት።

የይማም ድምፅ ወጣ።

እትዬ ሞሚና ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ የመጀመሪያው እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። «አላህ ይርሐመው» አሉ። ስልኩን እስከ ሐሙስ እንዲያውሱኝ ስለምናቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ገበሬው በዚህ ነው የሚደውልልኝ፣ መኪናው በዚህ ነው የሚደውልልኝ። ለሁለት ቀን ስልኬን ከምሰጥህ ምላሴን ቆርጠህ ብትወስድ ይሻለኛል። እዚሁ ስማው እንጂ፣ ማን ከለከለህ?»

ሙሔ የራሱን ስልክ አወጣና የጆንያ ክምር ላይ፣ ከእሳቸው ስልክ አጠገብ አስቀመጠው። «እሱ ይበል፣ ይሄ ይስማ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወይስ ስርቆት ነው?»

«ቅዳው» አልኩት።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆመን ቀዳን። እትዬ ሞሚና ሥራቸውን አላቆሙም፤ ላቁም ቢሉም ገበሬው አይሰማቸውም። ማሾው ፈሰሰ፣ አህያ ጮኸች፣ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ሁለት ጊዜ ተደውሎ ከመሃል ተቋርጦ እንደገና ጀመርን። እኔ በየድምፁ እየተሳቀቅሁ ሰውን በምልክት ዝም ለማሰኘት እወራጫለሁ፤ ማንም ከቁብ አልቆጠረኝም።

ሐሙስ ከዙሁር በኋላ ግቢው ሞልቶ፣ የሙሔ ስልክ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዞ ተከፈተ። የይማም ድምፅ ሲነሳ ሼሆቹ መወዛወዝ ጀመሩ። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ጫት የያዘው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ሦስተኛው መሃል ላይ፣ ከፍ ባለው ቦታ፣ የእትዬ ሞሚና ድምፅ ገባ፦ «አንተ፣ እጅህን ከሚዛኑ ላይ አንሳ!»

መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ይማም ግን ሳይደናገጥ ቀጠለ። አባቴ ቀና አሉ።

«አነሣ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ማን፣ አባባ?»

«እጁን።»

«አነሣ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ደርሷል፣ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሏል። ሲያልቅ፣ «ከመጀመሪያው ድገመው» አሉ። በሚቀጥሉት ዓመታት ስንት ጊዜ «ድገመው» እንዳሉ አላውቅም።

ቅጂውን ሙሔ በይፋት ቆላ ባለ ሚሞሪ ሁሉ ላይ ጫነው። እኔም አግዳሚው ላይ ሆኜ አየሁት፤ ንግግር አላደረግሁም።

ከዓመታት በኋላ፣ አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ የእትዬ ሞሚና ሱቅም አብሮ ነደደ። እሳቸው ከነልጆቻቸው ወጥተው ሸዋ ሮቢት ደረሱ፤ አገልግሎቱን ጨርሶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ያ ስልክ አመድ ሆነ። የእኔ ካርድ ዛሬም አለ። የመንዙማዎቹ ስም በተራ ይታያል፣ አንዱም አይናገርም። እትዬ ሞሚና በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ቅጂውን ጠየቁኝ። ለመንዙማው መስሎኝ ከፈትኩላቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ።

«ይቺ የምትስቀው ጎረቤቴ ናት» አሉ። ስልኩን መልሰው ዘረጉልኝ፣ ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው ያዙት።

መጻሕፍት ስለ ባለቤትነት ብዙ አስተምረውኛል፤ ግማሹን ዛሬም አምንበታለሁ። አንድን ድምፅ ለአንድ ዕቃ አስሮ መሸጥ ግን ድምፁን ከዕቃው ጋር እንዲሞት መፍረድ ነው፤ ዕቃ ደግሞ ሁሌም ይሞታል። በአንድ ስልክ ላይ ብቻ የሚከፈት የምትወዱት ሰው ድምፅ ካላችሁ፣ ይህን ማንበብ አቁሙና አሁኑኑ ሌላ ስልክ አጠገቡ አድርጋችሁ ቅዱት። ጫጫታው እስኪያልፍ አትጠብቁ፣ ፈቃድም አትጠይቁ።